ከቆቃ ሽቅብ፣ ወደ መልካ ቁንጡሬ

የአዳማ ሰው አዋሽን በቆቃ ግድብና በወንጂ አገዳ ያውቀዋል። ይኸው ወንዝ ቆቃ ሳይደርስ፣ ላይኛው ዳርቻው ላይ ያቆየልንን ግን ብዙዎቻችን ሄደን አላየንም።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ለተመራማሪዎች ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር ነበር። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ መሀል ላይ ቢቋረጥም፣ ቁፋሮውን ለረጅም ዓመታት መራ፤ ከ1999 ወዲህ ሥራውን የተረከቡት ጣሊያናውያን ናቸው። ደለሉና የእሳተ ገሞራው አመድ እየተደራረቡ የሸፈኑትን፣ አዋሽ መልሶ እየሸረሸረ አወጣው።

ከመልካ ቁንጡሬ የቁፋሮ ቦታዎች ከሁሉ የሚደንቀኝ ጎምቦሬ ነው። እዚያ ከ700,000 ዓመት በፊት የተረገጠ ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የትንንሽ ልጆች ዱካ ተገኝቷል፤ አጠገቡ የድንጋይ መሣሪያና ሥጋው የተበለተ ጉማሬ አጥንት ነበር። ልጆቹ ገና ዳዴ ከማለት የወጡ ናቸው፤ ትልልቆቹ ሲሠሩ እነሱም እዚያው ነበሩ። ሌላው የቁፋሮ ቦታ ጋርባ ላይ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ተመራማሪዎች የሆሞ ኢሬክተስ ነው ብለውታል። ቦታው 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ግኝቱን የበለጠ ያከብደዋል፤ የጥንቱ ሰው ቆላውን ብቻ ሳይሆን ብርዳማውን ደጋም ለምዶት ነበርና። በአቅራቢያው ያለው ባልጭት ደግሞ የጥቁሩ ባልጩት ድንጋይ መገኛ ነው። ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጭትን አንድ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

ከአዳማ የሚነሳ ሰው ማልዶ ይውጣ። በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በቃሊቲ ቀለበት መንገድ ወደ ዓለም ገና ይታጠፍና የቡታጅራን መንገድ ይይዛል። መጀመሪያ ጎጆ መሰል የሙዚየሙን ቤቶች ማየት ይሻላል፤ ስለ እሳተ ገሞራውና ስለ ድንጋይ መሣሪያዎቹ ሳይረዱ ጎምቦሬ ቢወርዱ የሚታየው የድንጋይ ክምር ብቻ ይመስላል። ተረድተው ሲወርዱ ግን መሣሪያውና አጥንቱ በተገኙበት ወለል ላይ እንዳሉ ያዩዋቸዋል፤ በመስታወት ሣጥን ከማየት ይህ እጅግ ይበልጣል። ጊዜ ከተረፈ ከዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ቅርብ ናት፤ የጢያ ትክል ድንጋዮችም በዚያው መንገድ ወደፊት ናቸው። ሁሉንም በግማሽ ቀን ለመጨረስ መሮጥ ግን ምንም ሳያዩ መመለስ ነው።

የአዳማ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ጉዞ ሲያቅዱ ሶደሬንና ላንጋኖን ብቻ አያስቡ። የዘንድሮው ጉዞ መልካ ቁንጡሬ ይሁን።