የአኦርታ ቫልቭ ጥበት ልኬትና የአልትራሳውንድ ፕሮብ ምርጫ

የአኦርታ ቫልቭ ሲጠብ ደም ከግራ ቬንትሪክል የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። የጥበቱ ክብደትም በአብዛኛው የሚታወቀው ይህን ፍጥነት በዶፕለር አልትራሳውንድ በመለካት ነው። ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ወይም አማካይ የግፊት ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ጥበቱ ከባድ ይባላል። ስለሆነም ታማሚው ለቫልቭ ቅየራ ይላክ ወይስ በክትትል ይቆይ የሚለው ውሳኔ በልኬቱ ትክክለኛነት ላይ ይመሠረታል።

ልኬቱ ትክክል የሚሆነው የድምፅ ሞገዱ ከደሙ ፍሰት ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። ለምሳሌ እውነተኛው ፍጥነት በሰከንድ 4.5 ሜትር ቢሆን፣ የፍጥነቱ ስኩዌር በ4 ሲባዛ ከፍተኛው የግፊት ልዩነት 81 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ሞገዱ ከፍሰቱ በ30 ዲግሪ ቢያዘነብል ግን የሚነበበው ፍጥነት 3.9፣ የግፊት ልዩነቱም 61 ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ከባዱ ጥበት መካከለኛ መስሎ ይመዘገባል።

ምስል የሚያሳየው ፕሮብ የቫልቩን ቅርጽና የካልሲየም ክምችት ያሳያል፤ የቫልቩን ስፋት ለማስላት የሚያስፈልገው የግራ ቬንትሪክል መውጫ ዲያሜትርም የሚለካው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ፊቱ ሰፊ በመሆኑ በጎድን አጥንቶች መካከል እንደልብ አይዞርም። በተለምዶ ፔዶፍ የሚባለው እርሳስ መሰል ፕሮብ ምስል አይሰጥም፤ ነገር ግን ፊቱ ጠባብ ስለሆነ ከልብ ጫፍ በተጨማሪ በደረት አጥንት ቀኝ ጠርዝና ከደረት አጥንት በላይ ባለው ስርጉድ በቀላሉ ይቀመጣል። በብዙ ታማሚዎች ከፍተኛው ፍጥነት የሚገኘው ታማሚው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ በቀኝ በኩል ሲለካ ነው።

የእርሳስ መሰሉ ፕሮብ ዋና ችግር ምንጩን አለማሳየቱ ነው። በሚትራል ቫልቭ ወደኋላ የሚመለስ ደም ከልብ ጫፍ ሲለካ የአኦርታ ፍሰት ሊመስል ይችላል። መለያው ጊዜው ነው፤ የሚትራሉ ፍሰት ቀድሞ ጀምሮ ዘግይቶ ያበቃል።

እንግዲህ ሁለቱ ፕሮቦች ተደጋጋፊዎች እንጂ ተተኪዎች አይደሉም። በቅድሚያ በምስል መመርመር፣ ቀጥሎም በእርሳስ መሰሉ ከሁሉም አቅጣጫ መለካት፣ ከፍተኛውን ግልጽ ልኬት ከተገኘበት ቦታ ጋር መመዝገብ ይገባል። እርሳስ መሰሉ ፕሮብ በሌለበትም ምስል የሚያሳየውን ይዞ የደረትን ቀኝ ጠርዝ መሞከር አይዘንጋ። ታማሚው በሥራ ጊዜ ራሱን እየሳተ ወይም ትንፋሽ እያጠረው ውጤቱ «መካከለኛ» ካለ፣ ታማሚውን ከማሰናበት በፊት ልኬቱን መድገም ያስፈልጋል።