ያውቁ ኖሯል? ሆንግ ኮንግ በግማሽ ቀን

አውሮፕላን እስኪቀይሩ ሆንግ ኮንግ ላይ ግማሽ ቀን ቢተርፍዎ፣ ፈጣኑ ባቡር ከአየር ማረፊያው መሀል ከተማ የሚያደርስዎ በ24 ደቂቃ ነው።

◆ ከሆንግ ኮንግ ደሴት ወደ ካውሉን የሚያሻግሩት የስታር ፌሪ ጀልባዎች እና ወደ ቪክቶሪያ ተራራ የሚያወጣው ትራም ታሪካቸው የሚጀምረው በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ነው።

◆ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው፣ 800 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የመንገድ ኤስካሌተር ጠዋት ሠራተኛውን ቁልቁል ያወርዳል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ዳገቱን በእግርዎ እንዳይወጡ ከረፋዱ በኋላ ይድረሱ።

ከአየር ማረፊያው ከመውጣትዎ በፊት ግን ፓስፖርትዎ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ።