ዲሹ ሲዞር ገበያውም ዞረ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞና ለቡ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጣሪያና በረንዳ ላይ የተተከለውን የዲሽ ብዛት ያየ ሰው ከዚህ ንግድ የሚያተርፈው ዕቃ ሻጩ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዲሽ ቆርቆሮ ነው፤ ሪሲቨርም ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ የሚሸጥ ሣጥን ነው። ገንዘብ የሚባክነውም የሚተርፈውም በአተካከሉ ላይ ነው። ሁለት ማዕዘንና አንድ ቁጥር የሚያውቅ ገዢ አንድ ጊዜ ከፍሎ ያርፋል፤ የማያውቅ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ይከፍላል።

ይህ ገበያ በአንድ ውሳኔ እንዴት እንደሚገለበጥ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። እስከዚያ ድረስ ቃናን ጨምሮ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚታዩት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው የናይልሳት መስመር ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር በመተባበር ኢትዮሳትን ሥራ አስጀመረ። ጣቢያዎቹም በ2002 ዓ.ም. ወደ ሕዋ ወደ መጠቀውና በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት ተሻገሩ።

ተመልካቹ ዲሽም ሪሲቨርም ነበረው፤ የጎደለው አቅጣጫ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ የተፈለገው ቁልፍና ኮምፓስ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ዲሽ ሠራተኛ ሆነ።

ሁለቱን ባንድ ዲሽ?

የአገር ውስጡንም የዐረቡንም ጣቢያ አንድ ላይ የሚፈልግ ደንበኛ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ7 ዲግሪ ምዕራብና በ57 ዲግሪ ምሥራቅ መካከል ያለው ርቀት 64 ዲግሪ ነው። የሚቀራረቡ ሳተላይቶችን በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሮ መያዝ ይቻላል። እነዚህን ሁለቱን ግን በተለመደው ዲሽ አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። አንዱ ሲያይ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። የሚያዋጣው ሁለት ዲሽ ተክሎ በዳይሴክ ስዊች ወደ አንድ ሪሲቨር ማስገባት ነው። “በአንዱ ዲሽ ሁለቱንም አወጣልሃለሁ” የሚል ባለሙያ ከመጣ ክፍያውን ማቆየት ይበጃል።

ሰማዩ ከላፍቶ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ሆኖ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12ን የሚፈልግ ሰው በኮምፓስ 115 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዞራል፤ ከፍታው 66 ዲግሪ ይሆናል። ናይልሳት ደግሞ በ261 ዲግሪ፣ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ በ37 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ኮምፓስ በቆርቆሮና በብረት አጠገብ ስለሚስት ራቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህ የከፍታ ልዩነት ለቤት ባለቤትም ለሕንፃ ገንቢም ትርጉም አለው። ለናይልሳት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ግንብ ከዲሹ በላይ ከ7 ሜትር ትንሽ ካለፈ መስመሩን ይዘጋል። ለኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ግን በዚያው ርቀት እስከ 22 ሜትር ድረስ ቢቆምም አያግድም። የጎረቤት ፎቅ ናይልሳቱን የሸፈነበት ቤት ኢትዮሳቱን ያለችግር ሊያይ ይችላል።

በረንዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ37 ዲግሪ የሚያየው ዲሽ ከላይኛው ፎቅ በረንዳ ሥር ወደ ውጭ ይመለከታል። በ66 ዲግሪ የሚያየው ግን ከላዩ ያለውን ስላብ ያፈጥበታል። ስለዚህ ወይ ከበረንዳው ወጣ ብሎ መታሰር፣ ወይ ጣሪያ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ጣሪያ ሲወጣ ደግሞ ኬብሉ ይረዝማል፤ ኬብል በረዘመ ቁጥር ሲግናል ይደክማል።

የተለመደው ዲሽ ከፊቱ አቅጣጫ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚያይ በመሆኑ በዓይን መገመት ያሳስታል። ናይልሳትን የሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12ን የሚያየው በጀርባው የተንጋለለ ይመስላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ጥንካሬ ሌላ፣ ጥራት ሌላ

በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ በመጀመሪያ የኤልኤንቢው ዓይነት ይመረጣል። ለተለመደው ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ 9750 እና 10600 የሚለው ነው። ኤልኤንቢው ከሰማይ የመጣውን ፍሪኩዌንሲ በዚህ ቁጥር ቀንሶ ወደ ኬብሉ ይልከዋል፤ 11,000 ሜጋኸርትዝ የነበረው 1,250 ሆኖ ይወርዳል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ዲሹ በትክክል ቢዞርም ሪሲቨሩ ጣቢያውን ቦታው ላይ አያገኘውም።

ከዚያ ፍሪኩዌንሲው፣ አግድም ወይም ቁም መሆኑና ሲምቦል ሬቱ ይገባና ሁለት መስመሮች ይታያሉ። አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት ነው። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የጥንካሬው መስመር ኤልኤንቢው ኃይል ስላገኘ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል፤ ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይም እንኳ። ትክክለኛውን ሳተላይት ማግኘቱን የሚመሰክረው ጥራቱ ነው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ እጅ በ1 ዲግሪ ቢስት እዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የ1 ዲግሪ ስሕተት የሲግናሉን ኃይል ግማሽ ያህል ይወስዳል። በበጋ ሥዕሉ ይታያል፤ ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሥዕል ሲመጣ ሥራውን ማቆም የማያዋጣው። ዲሹን በትንሽ በትንሹ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች፣ በመጨረሻም ኤልኤንቢውን በማቀፊያው ውስጥ ጠምዞ ጥራቱ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ከናይልሳት ወደ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 የተዞረ ዲሽ ኤልኤንቢው እንደገና ካልተጠመዘ ጥራቱ እንደጎደለ ይቀራል።

ግማሾቹ ጣቢያዎች መጥተው ግማሾቹ ከጠፉ ዲሹን ከመንካት በፊት ኬብሉን ማየት ይገባል። ሪሲቨሩ ለቁም 13፣ ለአግድም 18 ቮልት ይልካል። ውኃ የገባበት ኮኔክተር 18ቱን ካሳነሰው የአግድሞቹ ጣቢያዎች ይጠፋሉ።

ከመክፈል በፊት

ሪሲቨርና ኤልኤንቢ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለ ምክንያት ዕቃ መለወጥ ኪስ የሚጎዳ ሆኗል። ሥዕል በጠፋ ቁጥር “ኤልኤንቢው ተቃጥሏል” ለሚል ሠራተኛ መልሱ የጥራቱን ቁጥር አሳየኝ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩን ጽፎ መያዝም ይጠቅማል። በኋላ ቁጥሩ ከወረደ ዲሹ ተንቀሳቅሷል ወይም ኬብሉ ታሟል ማለት ነው።

ቤት የሚያሠራ ሰውም ግድግዳው ሳይለሰን ከጣሪያ እስከ ሳሎን የኬብል ቱቦ ቢያስቀብር ኋላ ግድግዳ ከመሰርሰር ይድናል። ለኪራይ ፎቅ የሚገነባ ደግሞ በየበረንዳው ዲሽ ከሚደረደር ይልቅ ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ በመልቲስዊች ለብዙ ቤት ማዳረስ ይችላል።

ለነጋዴውም ትምህርቱ ያው ነው። ጣቢያዎች ሳተላይት መቀያየራቸው አይቀርም፤ ያኔ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ብዙ ይሆናል። ደንበኛ የሚመለሰው ግን ጥራቱን አሳይቶ ብሎኑን ወዳጠበቀው ነው።