የአየር ጠመንጃ ጥገናና የሞላው ጉልበት

በእንግሊዝ አገር አሮጌ የአየር ጠመንጃ ፈትቶ መጠገን የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚህ የምናነሣው በክፍል የምናስተምረው ፊዚክስ በግልጽ ስለሚታይበት ነው።

በባለ ሞላ ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ የታመቀው ሞላ ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑም በሲሊንደሩ ያለውን አየር በቅጽበት ያምቀዋል። ጥይቱን የሚገፋው ይኸው አየር እንጂ ሞላው ራሱ አይደለም። ስለዚህ ጠመንጃው ሲደክም ሞላውን ብቻ መጠርጠር አይበቃም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየር የሚያሾልከው የፒስተኑ ማሸጊያ ነው። በአሮጌዎቹ ማሸጊያው ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ ከበዛ ግን አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ይቀጣጠላል፤ የናፍጣ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጥይት ሳያጎርሱ መተኮስም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ያላትማል።

ጀማሪዎችን የሚያጓጓው ጠንካራ ሞላ መግጠም ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለት ከ16.3 ጁል ገደማ የሚበልጥ የአየር ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ተማሪዎች ሒሳቡን ይሞክሩት። 0.54 ግራም ጥይት በሰከንድ 245 ሜትር ሲበር፣ የመጠነ ቁሱ ግማሽ በኪሎ ግራም ተወስዶ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ 16.2 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ 260 ሜትር ቢደርስ 18 ጁል ያልፋል። ጨመረ የተባለው 15 ሜትር ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ ተገኝቷል። ጠንቃቃ ጠጋኝ ጥይቱን በፍጥነት መለኪያ ሳይለካ ጠመንጃውን ለባለቤቱ አያስረክብም።