መጽሐፍ ማዋስና ንብረት መጠበቅ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንደኛው፣ ባለፈው ሰኔ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ በተደረገ ጊዜ፣ በመዝገብ የሰፈረው አንድ ቅጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመደርደሪያው ላይ ስለ ታጣ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የሆኑት ወይዘሮ ዋጋውን ከደመወዛቸው እንዲተኩ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። መጽሐፉ ግን ከክፍሉ ደጃፍ አልወጣም ነበር። ክረምት ሲገባ መደርደሪያው ለጽዳት በተነሣ ጊዜ፣ በርዳታ ከመጡትና ማንም ከማይነካቸው ትልልቅ የእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፒዲያዎች ጀርባ ተሸጉጦ፣ በመካከሉም ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ይዞ ተገኘ፤ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተጻፉት የገጽ ቁጥሮች፣ አንዱ እየተሰረዘ ሌላው ከበታቹ እየተተካ፣ ሦስት መቶን አልፈው ነበር። የሸሸገችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ይህን ያደረገችውም ወደ ቤት መውሰድ ስለማይፈቀድ፣ በዕረፍት ሰዓት በምታገኘው በጥቂት ደቂቃ ያነበበችውን በማግሥቱ ካቆመችበት ለመቀጠል፣ ሌላ ተማሪ እንዳይቀድማት ሠግታ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ ከልቡናዬ አልወጣ ያለኝ። መጽሐፉ ተገኝቶ ደብዳቤው ከተነሣ ወዲያ፣ ለዚያ ዓመት ለቤተ መጻሕፍቱ ከተመደበው ጥቂት ገንዘብ የመስተዋት በርና ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ተገዛና፣ ልብ ወለዶቹ ሁሉ በውስጡ ተከተው ተቆለፈባቸው። በዚያው ገንዘብ የዚያኑ መጽሐፍ ሌሎች ቅጂዎች ገዝቶ ለልጆቹ ማዋስ ይቻል ነበር። ይህን አሳብ በጊዜው ያቀረብን ሰዎች ያገኘነው መልስ፣ በቤተ መጻሕፍት ሙያዬ ዘመን ሁሉ በየቢሮው፣ በየወላጅ ኮሚቴው ስብሰባ፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከሥራ ባልደረቦቼ አፍ የምሰማው ያው አንድ ቃል ነው፦ የወጣ መጽሐፍ አይመለስም።

ይህ ቃል ከየት እንደሚመነጭ የማያውቁ ሰዎች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን በንፉግነት ይወቅሷቸዋል። ወቀሳው ፍትሐዊ አይደለም። መጽሐፍ ወደ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሲገባ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ገቢ የሚሆነውም በአንድ ሰው ፊርማ ነው፤ ያም ሰው ከሥራው ቢዛወር ወይም ጡረታ ቢወጣ፣ እያንዳንዱን ቅጂ ቆጥሮ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። እንግዲህ ሥርዓቱ ለዚህ ሰው የሚለው ምንድር ነው? ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው አቧራ የለበሰ መጽሐፍ ቢኖርህ አትጠየቅበትም፤ በአምሳ ተማሪዎች እጅ አልፎ ሽፋኑ የተገነጠለ ወይም አንዱ ልጅ ሳይመልሰው ሰፈር የለወጠበት መጽሐፍ ግን ከደመወዝህ ይቆረጣል። በዚህ ሕግ ውስጥ የሚኖር ብልህ ሰው መቆለፍን ቢመርጥ ምን ይደንቃል። ጠረጴዛ የሚገዛው ባለበት ቆሞ እንዲያገለግል ነው፤ መጽሐፍ ግን የሚያገለግለው ሲሄድ ነው፣ ሲሄድም ያልቃል። የመንግሥት ሒሳብ ራሱ ቋሚ ንብረትና አላቂ ንብረት ብሎ የሚለይበት ወግ አለው፤ የትምህርት ቤት ልብ ወለድና የልጆች ተረት መጽሐፍ ከቋሚው ይልቅ ለአላቂው የቀረበ መሆኑን ለማስረዳት የደከምሁትን ያህል በሌላ ነገር አልደከምሁም።

ስሕተቱን የሚያጸናው ሌላው ነገር፣ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ አምሳል የተፈጠረ የሚመስለን መሆኑ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላም በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 እንደ ገና የተደራጀው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በአገሪቱ የሚታተመውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከዘመን ወደ ዘመን አሻግሮ፣ ገና ላልተወለደ አንባቢ ማቆየት ግዴታው ስለሆነ፣ መጽሐፉን ከቅጥሩ ባያስወጣ ግዴታውን ፈጸመ እንጂ አጓደለ አይባልም። ነገር ግን የወመዘክር ግዴታ የኮተቤ ወይም የየካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግዴታ አይደለም። ለትውልድ የሚቆየው ቅጂ በወመዘክር ተቀምጦ ሳለ፣ ያንኑ መጽሐፍ በየሰፈሩ እንደ ቅርስ መጠበቅ ምን ይጠቅማል? ለአንድ አገር አንድ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ የውሰት ቤት ያስፈልጋታል፤ እኛ ጋ ግን ግምጃ ቤቱ በዝቶ የውሰት ቤቱ ታጣ።

አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ የጥንቱን ሥርዓት ጠቅሰው ይከራከሩኛል፤ አባቶቻችን መጽሐፍን በማኅደር ከትተው፣ በዕቃ ቤት ዘግተው፣ በቃለ ውግዘት አጥረው ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ ቃለ ውግዘት፣ የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን ሰው በሐዋርያት ሥልጣን የሚያወግዘው፣ በራሱ በብራናው ላይ የተጻፈው መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ስለ ታወቀ ነው፤ ከሣጥን የማይወጣ መጽሐፍ ውግዘት አያሻውም። የብዙ በግና የብዙ ፍየል ቆዳ ተዳምጦ፣ አንድ ጸሐፊ ወራት ደክሞበት በተጻፈበት በዚያ ዘመን እንኳ፣ ገዳም ከገዳም ለግልባጭ መጽሐፍ ይዋዋስ ነበር፤ ማን ምን እንደ ወሰደ የሚያስታውስ ጽሑፍም በብራናዎቹ ባዶ ገጾች ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የውሰት መዝገብ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም።

የመቅደላንም ነገር የሚያነሡ አሉ። በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደ፤ ከእነዚያም ሦስት መቶ አምሳ ያህሉ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት ከሌለ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም ብለው በ1864 ዓ.ም. ቢጽፉ፣ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን መለሰ። ይህን ታሪክ የውሰት ማስፈራሪያ የሚያደርጉት ሰዎች ዝርፊያንና ውሰትን አንድ አድርገው በማየታቸው እጅግ አዝናለሁ። ያ መጽሐፍ በጦር ኃይል ተወሰደ እንጂ በስም ተመዝግቦ አልተሰጠም፤ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ለቅመው በጀርባቸው የሚያወርዱ እናቶች ልጆች ደግሞ የናፒየር ወታደሮች አይደሉም።

ልምዴ የሚነግረኝ ተቃራኒውን ነው። ገጽ ተቀድዶ የሚወሰድባቸው ቤቶች የማያውሱት ናቸው፤ ልጁ መጽሐፉን በሕጋዊ መንገድ ለአንድ ሌሊት ማግኘት ሲከለከል፣ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ በምላጭ ቆርጦ ይሄዳል፤ በውሰት የወሰደው ልጅ ግን ስሙ በመዝገብ ስላለ፣ ደግሞም ሁለተኛውን መጽሐፍ ስለሚፈልግ ይመልሳል። በውሰት የሚጠፋ የለም አልልም፤ ይጠፋል። መጽሐፍ ጠፍቶበት የማያውቅ የውሰት ቤት ካለ ግን፣ እርሱ ያላዋሰ ቤት ነው።

ውሰት በቀረበት ቤት የሚሆነውን ደግሞ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ወንበር አይገኝም፤ ነገር ግን ከተቀመጡት ብዙዎቹ የሚያነቡት ይዘውት የመጡትን ደብተርና አጋዥ መጽሐፍ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 3.3 ከመቶ ብቻ ግማሹንና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው ከተነገረ ወዲህ ይህ ይበልጥ በርትቷል። በተጨናነቀ የኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ ጸጥታና ብርሃን ፍለጋ ቢመጣ መብቱ ነው፣ ቦታውንም ልንሰጠው ይገባናል፤ ነገር ግን የጥናት አዳራሽን ቤተ መጻሕፍት ብለን ስንጠራ፣ በጀት መዳቢው መጥቶ የሚያየው የሞላ ወንበር ስለሆነ፣ ተጨማሪ ወንበር ይፈቅዳል። ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፣ የትኛው አርጅቶ ወደቀ፣ የትኛውን ስንት ልጅ ጠይቆ አጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠይቅም የምናሳየው መዝገብ የለንም። ስለማናውስ አያልቅም፤ ስለማያልቅ የመተኪያ ገንዘብ አንጠይቅም፤ ስላልጠየቅን አይሰጠንም፤ አዲስ መጽሐፍ ስለማይመጣም ያለውን አጥብቀን እንቆልፋለን።

ገንዘብ የለም የሚባለውም ቢሆን በደንብ መታየት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ እንዲይዝ ሆኖ በ1.1 ቢሊዮን ብር ሲሠራ፣ አገሪቱ ለንባብ ገንዘብ ማውጣት እንደምትችል አይተናል፤ በእኔ በኩል በዚያ ሥራ ደስ ብሎኛል። የሚጎድለው ሌላው ዓይነት ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ሕንጻ የማይታነጽበት፣ የምረቃ ጥብጣብ የማይቆረጥበት፣ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ የሚወጣው መደበኛ በጀት። በየካ የሚኖር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ታክሲ ከፍሎ አራት ኪሎ አይወርድም፤ ለእርሱ ቤተ መጻሕፍት ማለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው አንድ ክፍል ነው። ለዚያ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ድጎማ የሚደርሰው ቢኖር ደግሞ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ስለ በረታ፣ ለእርሱ ማሟያ ይውላል። ዩኔስኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ባደሰው መግለጫ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን በገንዘብ መደገፍ የአገርና የአካባቢ መንግሥት ኀላፊነት መሆኑን፣ አገልግሎቱም በመሠረቱ ያለ ክፍያ መሰጠት እንዳለበት ደንግጓል፤ እኛ ግን ይህን ኀላፊነት ለበጎ አድራጊዎች ትተነዋል።

በጎ አድራጊዎችን ማቃለሌ አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ በስደት በአሜሪካ ኖረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ከሠሩ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. እዚሁ ሾላ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት በከፈቱ ጊዜ፣ ይዘውት የመጡት 15 ሺህ ያህል የርዳታ መጽሐፍ ነበር፤ ሕንጻ ሳይጠብቁ፣ ልጁ ባለበት ሰፈር ውስጥ መጀመራቸው ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ በመርከብ የሚመጣ ርዳታ ምን ጊዜም ሰጪው የተረፈውን እንጂ ተቀባዩ የሚፈልገውን አያመጣም። ከላይ ያነሣኋቸው ኢንሳይክሎፒዲያዎች ከውጭ በነጻ መጡ፤ ተማሪዋ የምትፈልገው የአማርኛ መጽሐፍ ግን ከአዲስ አበባ መጻሕፍት መደብር በብር ካልተገዛ ከየትም አይመጣም።

ማዋስ ከፈቀዱትም መካከል መያዣ ገንዘብ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ የሚጠይቁ አሉ። ይህ ደግሞ መጽሐፍ መግዛት ለሚችለው ብቻ ማዋስ ነው። አቶ ዮሐንስ የሠሩበት የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍትና የቺካጎው፣ ሁለቱም በእኛ በ2012 ዓ.ም. መባቻ፣ የዘገየ መጽሐፍ ቅጣትን ጨርሰው ያስቀሩት፣ ቅጣቱ ድኾችን ከደጃቸው እንደሚያርቅ ስላዩ ነው፤ በቺካጎ ቅጣቱ ሲነሣ፣ ለዓመታት በፍርሃት በየቤቱ ተደብቆ የኖረው መጽሐፍ መመለስ ጀመረ። በየካ አቀበት ላይ ያለች እናት ለአንድ ልብ ወለድ መያዣ የሚሆን ብር ከየት ታመጣለች? የትምህርት ቤት መታወቂያና የክፍል ኀላፊው መምህር ፊርማ ይበቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዓመት ውስጥ ከውሰት መጻሕፍት መካከል የተወሰነው እጅ ቢያረጅ ወይም ቢጠፋ፣ በርእሰ መምህሩ የሚመራ ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲያወጣውና ሠራተኛው እንዳይጠየቅበት የሚፈቅድ አንድ መመሪያ ይውጣ፤ ለወጣውም ምትክ የሚገዛበት ገንዘብ ከመማሪያ መጽሐፍ ተለይቶ ይያዝ። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ይገባልና፣ የሙያ ባልደረቦቼ በሚያዝያ ዕቅድ ስታቀርቡ «የውሰት መጻሕፍት ምትክ» የሚል አንድ መስመር፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ሳታስገቡ አትቅሩ። በመጀመሪያው ዓመት ይሰረዝባችሁ ይሆናል፤ በሁለተኛው ስታስገቡት ግን የውሰት መዝገቡን አብራችሁ አያይዙት፤ መዝገብ ለመያዝ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ፣ ዐሥር መጽሐፍም ቢሆን፣ ማዋስ ያስፈልጋል።