ክልስ ቡችላ ለየትኛው ግቢ ይሆናል?

በከተሞቻችን ውሻ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በመልኩ ነው። ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው የጠቆረ ቡችላ ከታየ «የጀርመን ክልስ ነው» ይባልና ዋጋ ይወጣለታል። ቀለሙ ቡላ፣ ቁመናው መካከለኛ ከሆነ ደግሞ «የሐበሻ ነው» ተብሎ በነጻ ይሰጣል፤ ሴት ከሆነች ጭራሽ ትጣላለች። ሁለቱም ግን በደንብ ከተያዙ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥረኛ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው። ስለዚህ ከመልኩ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

ጉዳዩ በቅርቡ በእኛ ቤት ተነሥቶ ነበር። እናቴ የምትኖረው ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ኩታበር ነው። አብሯት የሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ አለ። ስድስት በጎችም አሏት። የድሮ ውሻዋ አርጅቶ ከሞተ ወዲህ ጅቡ እስከ አጥሩ ይመጣል። ደሴ ያለ አንድ ወዳጃችን እናቱ ጀርመን ሸፐርድ፣ አባቱ የሰፈር ውሻ የሆነ ቡችላ ሊሰጠን ፈቀደ። የእናቴ ጎረቤት ዘንድ ደግሞ የሐበሻ ውሻ ወልዳ ነበር። የእህቴ ልጅ የትኛውን እንደሚፈልግ መገመት አያስቸግርም። እናቴ ግን «የሚያምረውን ሳይሆን የምችለውን አምጣልኝ» አለችኝ።

ክልስ ሲባል

በአፍሪካ የመንደር ውሾች ላይ የተደረጉ የዘር ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በብዙ ቦታ እነዚህ ውሾች የፈረንጅ ዝርያ ቅልቅል ሳይሆኑ ከጥንት ጀምሮ በየአካባቢያቸው የኖሩ ናቸው። እኛ ክልስ የምንለው እነዚህ ከፈረንጅ ዝርያ ጋር ሲዳቀሉ የሚወለደውን ነው። ክልስ ውሻ ንጹሕ ዝርያ ላይ የሚጠኑትን አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች የመውረስ ዕድሉ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። ከአንድ ሆድ የወጡ ቡችሎች አንዱ እንደ እናቱ ግዙፍ፣ ሌላው እንደ አባቱ ቀጭን ሊሆን ይችላል። እንዲያውም አንዲት ውሻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወንዶች ልትወልድ ትችላለች።

ጠባይስ? በ2022 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት በአሜሪካ ተደርጎ ነበር። በውሻና በውሻ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። «የጀርመን ክልስ ነው፣ ቤት ይጠብቃል» ወይም «የሐበሻ ነው፣ አይረባም» ብሎ መወሰን አያዋጣም ማለት ነው። የሚታየው ቡችላው ራሱ፣ እናቱና አስተዳደጉ ነው።

ቤታችሁን መርምሩ

የመጀመሪያው አየሩ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኩታበርም ብርዱ የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ጸጉሩ የደረበ ክልስ ለኩታበር ሌሊት ቢመችም፣ ኮምቦልቻ በቆርቆሮ ጥግ ታስሮ ቢውል ይሠቃያል። ጥላና ውኃ ከሌለ ጸጉረ አጭሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ምግብና ጉልበት ነው። 35 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በትርፍራፊ እንጀራ አይጠግብም። በየቀኑ የሚያሯሩጠው ሰውም ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ትልቅ ውሻ ወይ ይደነዝዛል፣ ወይ ይከፋል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ውሻ ይዛ መንገድ ልትወጣ አትችልም። አጥሯም የቁልቋል ነው።

ሦስተኛው ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛና ግልገሎቿን ይዛ ሳለ እንዳይነካ መማር አለበት። ትንሽ ልጅና ውሻ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም፤ ውሻው የቱንም ያህል ገራም ቢሆን።

አራተኛው ጎረቤት ነው። በወሎ የአንዱ ግቢ የሁሉም መተላለፊያ ነው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቤትም ጎን ለጎን ነው። በእስልምና ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ ይፈቀዳል፤ ምራቁን ግን ብዙ ዑለማዎች ነጃሳ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሰው ላይ የሚንጠላጠል፣ ለመስጊድ የሚሄደውን ሰው ልብስ የሚልስ ውሻ ጉርብትናን ያበላሻል። የእናቴ ጎረቤት የሆኑት ሐጂ ስንማከር «ይጩህ፤ ግን መንገዱን ይልቀቅልን» ነው ያሉን። ለሌሊት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ጅብ ሲመጣ የሚጮህ ውሻ ሰውን ይቀሰቅሳል፤ ከጅብ ጋር እንዲታገል ማንም አይጠብቅበትም።

ቡችላ ሲመረጥ

ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ቡችላን ከእናቱ አትለዩ። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ በግና ዶሮ እያየ ካደገ ኋላ አይደነብርም። እናቲቱን እዩ፤ እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ከዚያ በቡችሎቹ መካከል ተቀመጡና እጃችሁን አጨብጭቡ። ደንግጦ ወዲያው ተመልሶ የሚያሸታችሁ ጥሩ ነው። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠው ልጅ ላለበት ቤት አይመከርም። በማጅራቱ አንጠልጥሎ ያልጮኸውን ጀግና ማለት፣ ወይም ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን መቁረጥ ሕመም ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

ከምርጫው የሚበልጠው

የትኛውም ቡችላ ቢመረጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ክትባቱ መኖሩን ጠይቁ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበሉም ዱዓውም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በእናቴ ሰፈር አንዲት ልጅ በባዘነ ውሻ ተነክሳ ቤተሰቡ መጀመሪያ ያሰበው ባህል ሐኪም ዘንድ መሄድን ነበር። አያትየው «አስቀድማችሁ ታጥባ መርፌዋን ትወጋ» ብለው ቆሙ። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ሁለተኛው ትል ነው። ለፋሲካና ለዐረፋ ሲታረድ የታመመ ጉበት፣ ሳንባ ወይም የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። በዚህ መንገድ ውሻው የሚይዛቸው ትሎች እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በጎች ከሣር ጋር ሲበሉት አንደኛው ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ እየዞሩ እንዲወድቁ ያደርጋል። ሌላው በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የውኃ ቋጠሮ ያበቅላል። ጥሬ የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም በደንብ ይቀቀል፤ ውሻውም ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ሦስተኛው መፍታት ነው። በደቡብ ወሎ ደጋዎች ቀይ ቀበሮ አለ፤ በመላ አገሪቱ የቀረው ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብደት በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል፤ ከውሻ ጋር መዳቀላቸውም ታይቷል። ያልተከተበ ውሻ ተራራ ለተራራ ሲዞር የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም።

እናቴ በመጨረሻ የመረጠችው የጎረቤቷን ሴቷን የሐበሻ ቡችላ ነው። እናቲቱን ለዓመታት ታውቃታለች፤ ከልጆች ጋር ውላ ማንንም አልነከሰችም። «ሴት ትወልድብሻለች» ያሏት ነበሩ። ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለወንድ ትፈልጋለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ግቢ መዝጋት ወይም ስታድግ ደሴ ላለ የእንስሳት ሐኪም አሳይቶ ማምከን ይቻላል። ክልሱን ሁለት ጎረምሶች ያሉት የደሴ ዘመዳችን ወሰደው፤ በየማለዳው ያሯሩጡታል። የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ለቡችላዋ የውኃ ሣህን አዘጋጀ።

እናንተም ቡችላ ከመቀበላችሁ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቡና እነዚህን ተነጋገሩ፦ ጠዋትና ማታ የሚያበላው ማን ነው? የክትባቱን ቀን የሚቆጥረው ማን ነው? ሁላችሁም ለቅሶ ወይም ሠርግ ስትሄዱስ ከማን ጋር ያድራል? ለሦስቱም የሰው ስም ካልተገኘ ቡችላው ለጊዜው ከእናቱ ጋር ይቆይ።