ያውቁ ኖሯል? የስሜን ተራሮች ተጠርጣሪ

አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1902 በመጽሐፍ ባወጣው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ፣ ዳርትሙር በተባለው ጭጋጋም የእንግሊዝ ገላጣ ደጋ ለደረሰ ሞት የሚጠረጠረው አንድ አስፈሪ ውሻ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ጅብራ በሚበቅልበት የስሜን ውርጭም ግልገል በጠፋ ቁጥር ስሙ የሚነሣ አውሬ አለ፤ ቀይ ቀበሮ።

ተመራማሪዎች ማስረጃውን የፈለጉት በዓይነ ምድሩ ውስጥ ነው። በባሌ ተራሮች ፀጉሩን፣ ጥርሱንና የአጥንት ስብርባሪውን እየለዩ ሲመረምሩ፣ ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ አይጥና አይጥ መሰል እንስሳት ሆኖ ተገኘ። ግልገል አልፎ አልፎ ይነጥቃል። በመንጋ ጠላትነት መፈረጁ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቀበሮው እውነተኛ ገዳይ ግን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ቀበሮዎች በብዛት ሲሞቱ የላቦራቶሪ ምርመራ የእብድ ውሻ በሽታን አረጋገጠ። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው ካልተከተቡ የመንደር ውሾች ነው፤ ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ ውሻን ማስከተብ ቀበሮውን መታደግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ይህ እንስሳ ለተኩላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አሳይቷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ደጋዎች ነው።